በራሱ የሚይዘው ፍሪሲዮን

የበቆሎ መፈልፈያ ልገዛ አምቦ ስሄድ ነጋዴው ጀማል ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የሚያያይዘውን ፍሪሲዮን ሁለት ዓይነት አሳየኝ። "እማማ፣ ይሄ ማንሻውን በእጅዎ ካልሳቡት የመፈልፈያውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አያዞርም። ያኛው ግን ሞተሩ ሲፈጥን በራሱ ይይዛል" አለኝ። "በዚህ ዕድሜዬ ማንሻ ልጎትት?" ብዬ በራሱ የሚይዘውን ገዛሁ።

አንድ ቀን ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ቺንጋው ግን ቆሞ ነበርና፣ የተጠመጠመ ገለባ ላወጣ አጎነበስኩ። ነዳጅ መስጫው ዘንድ የተቀመጠው ጎረቤቴ ገመቹ የሚያልፉ ሽማግሌ አይቶ እጅ ሊነሳ ብድግ ሲል፣ የጋቢው ጫፍ ነዳጅ መስጫውን ስቦት ተነሳ። ሞተሩ አጓራ፤ ቺንጋው ነጠላዬን ነክሶ ከነአንገቴ ጎተተኝ። ደግነቱ ነጠላው አሮጌ ነው፤ ተቀደደና ወደ ኋላ ወደቅሁ።

"አዴ፣ ሰላም ልል ብዬ እኮ ነው" አለ ገመቹ ሞተሩን አጥፍቶ።

"እኔን ገድለህ እሳቸውን ለቀብሬ ልትጠራ ነበር" አልኩት።

በማግስቱ ጀማል "ማንሻ አልጎትትም አላሉም?" ሲለኝ፣ ቀይርልኝ ብቻ አልኩት። ዛሬ ማንሻውን ይዤ ማንም ቢያልፍ ቀና አልልም። "ኮራች" ይሉኛል። ይበሉ፤ ገለባ ላወጣ ስል ግን ሞተሩ ጠፍቶም እጄ እምቢ ይለኛል።