ደማቁ መስመር

ሕመምተኞች ቤታቸው ሆነው የሚተነፍሱባቸውን የኦክስጅን ማሽኖች እጠግናለሁ። አንድ ረፋድ ላይ ፊርማ ፍለጋ ስወርድ፣ ለደንበኞች መልስ ከምትጽፈው ወጣት ጋር ደረጃው ላይ ተጋጨን። ትምህርቷን ከጨረሰች ገና መንፈቋ ነው። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ጋሽ ደብዳቤን አይተሃቸዋል?»

ጋሽ ደብዳቤ የምንላቸው የክፍሉን ኃላፊ ነው። ለማንኛውም ጥያቄ ከሰላምታ እስከ ስንብት ሳያቋርጥ የሚፈስ መልስ ያስጽፋሉ። ጠረጴዛቸው ላይ አገኘናቸው።

«ጋሼ፣ ጆሮዋ የማይሰማው ደንበኛችን ጽፋለች። የእናቷ ማሽን ቀይ መብራት አብርቷል። ለቀይ መብራት ለሁሉም የምንልከውን ደብዳቤ ሦስቴ አንብባ የቱን እንደምታስቀድም አልገባትም። ‹ምንም አትንኪ› ብያታለሁ። እባክዎ፣ በመጻፊያው ፕሮግራም ላይ የዘጉትን የፊደል ማድመቂያና ተራ ቁጥር ይክፈቱልኝ።»

«ልጄ፣ ጽሑፍ ሙሽራ አይደለም የሚኳለው! ድሮ ክፍት ሳለ አባቱ ለሞተበት ደንበኛ በቀይና በአረንጓዴ የተዥጎረጎረ የሐዘን መግለጫ ተላከለት። በዚያው ዕለት ዘጋሁት። ቁጥሩን በእጅሽ አትጽፊውም?»

«ሞከርኩ። ስለተዘጋ ፕሮግራሙ መስመሩን ሁሉ ደባልቆ አንድ ያደርገዋል።»

«እንግዲያው ቀስ ብላ ታንብበዋ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ደሜ ፈላ። ቁም ነገር ያላቸው ሰው ናቸው፤ ግትርነታቸው ግን ያንገበግባል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «በሽተኛዋ ወደ መጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር ሳትዛወር ማሽኑ ከጠፋ ትንፋሽ ያጥራታል። እስቲ ይህ የተጻፈበትን ከደብዳቤዎ ያሳዩኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ከሰላምታው ወደ ምስጋናው ወረደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወረደ። በዚህ መሀል ከደንበኛዋ «ላጥፋው?» የሚል መልእክት ገባ። ልጅቱ ወዲያው «እንዳታጠፊ!» ብላ ጻፈችላት። እኔም ፈርቻለሁ።

«የጻፍኩት እኮ እኔው ነኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «አላገኘሁትም።»

የዘጉትን ራሳቸው ከፈቱት። ልጅቱ አራት አጫጭር ትእዛዞች በተራ ቁጥር ደረደረች፤ የሲሊንደሩን አንደኛ አድርጋ እሱን ብቻ አደመቀችው። ቀለም አልነካችም። ልካ ስትጨርስ ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

«ሁለትን ጨረስኩ» ብላ ደንበኛዋ ጻፈች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሦስት ላይ ነኝ፤ ማጣሪያው አልወጣ አለኝ።»

የት እንደደረሰች ስላወቅን በአንድ መስመር መለስንላት፤ «የግራውን መያዣ ተጫኚ።» ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የተጨነቀ ሰው ዐይኑ የሚያርፍበት ያገኛል፣ የሚመልሰውም የትኛው ላይ እንደተቸገረ ያውቃል። ማክበር ማለት ሰላምታ ማብዛት ብቻ አይደለም።

«አራትን ጨረስኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እማዬ ደኅና ናት።»

ልጅቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ከእንግዲህ ክፍት ይሁን» አሉ ጋሽ ደብዳቤ። «ለቅደም ተከተል ቁጥር፣ ለአደጋ ድምቀት። ለሐዘን ግን ምንም እንዳትነኩ!» ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ወደ ስክሪኑ ዞረው አሮጌውን ደብዳቤ ደግመው አዩት። «ለመሆኑ ያንን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለስንት ሰው ልከነዋል?»

ፈልጋ አየች። «ለአርባ አንድ ሰው፣ ጋሼ።»

ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ።

«ተቀመጪ ልጄ። አዲሱን ለሁሉም አሁኑኑ እንላክላቸው።»