የሸረፈዲን ጥርጣሬና የኡሙሃኒ የሂሳብ መኪና

ጥርጣሬ ከያዘው ሰው ይሰውራችሁ! የቆቦው ባለ ልኳንዳ ሸረፈዲን ሽማግሌ ሊጠራ ሲጣደፍ፣ ከደሴ አውቶቡስ የወረደችውን የእኅቱን ልጅ ኡሙሃኒን ሳያያት ሊያልፍ ነበር። ልጅቱ ደሴ ንግድ ሥራ ተምራ የጨረሰች ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ። ምነው፣ ደኅና አይደሉም?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ሙሀመድሰይድ እየቆረጠ ሰረቀኝ፣ ልጄ! በሬ በሰቀልኩ ቁጥር ሥጋው ይጎድላል። ጁምዓ ቁርኣን ይዞ ይማልልኛል።»

ሙሀመድሰይድ የልኳንዳው ሥጋ ቆራጭ፣ የሚስቱ የሀሊሜም ወንድም ነው። ሀሊሜም «ወንድሜን ያስማልክ ለት ከቤትህ እወጣለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

ኡሙሃኒ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል የሂሳብ መኪና አወጣች። «እስቲ መጀመሪያ የሥጋውን ዋጋ እንዴት እንደሚተምኑ ይንገሩኝ።»

ሸረፈዲን ወደ ኋላ ሸሸ። ዘመኑ ጆሮ ጠቢ የበዛበት ነው፤ እሱ ደግሞ የገዛ ጥላውን «ቀበሌ ልኮህ ነው?» የሚል ሰው ነበር።

«ይኼ ባትሪ የለው! ምን በልቶ ነው የሚሠራው?»

«ብርሃን ይበቃዋል።»

«የነገርሽውን ይይዛል?»

«እስኪያጠፉት።»

«ሲጠፋስ? ለግብር ሰብሳቢ ነው የሚያሳብቀው?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ማካፈል እንጂ ማሳበቅ አያውቅም። አንቱ በሬውን የገዙበትን ለስንት ኪሎ ነው የሚያካፍሉት?»

«ለሰቀልኩት ነዋ! መቶ ኪሎ ከወጣው ለመቶ።»

«ሲሸጡትስ ከነአጥንቱ ነው?»

«አስተግፊሩላህ! ሸረፈዲን ለደንበኛ አጥንት መዝኖ አያውቅም። አጥንት ምራቂ ነው።»

«እንግዲያው ከመቶው ሠላሳው አጥንት ቢሆን፣ ለመቶ ያካፈሉትን ከሰባ ኪሎ እንዴት ያገኙታል? ካላመኑኝ ነገ ራስዎ ቆርጠው ራስዎ ይሽጡ። አጥንቱን ለማንም ሳይሰጡ በጆንያ ያኑሩት።»

ያ ሰው መች ያምናል! ሙሀመድሰይድ ይሆን የላካት ሲል አደረ። ቢሆንም በማግሥቱ ቢላውን ራሱ ያዘ፤ ከሥጋው አጠገብ ሰው ዝር እንዳይል ከለከለ። አመሻሽ ላይ የሸጠውን ቢደምር ያው ጎደሎ! ይባስ ብሎ ልትጠይቀው የመጣችውን ኡሙሃኒን «ቦርሳሽን ክፈቺ!» አላት።

ሳትቀየም ከፈተችለትና «አሁን ጆንያውን ይመዝኑት» አለችው። ቢመዝነው የጎደለው ኪሎ እዚያው ተገኘ። ሸረፈዲን በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

«ያ ረቢ! በቁሙ ሰው ልገድል ነበር!»

«አብሽሩ አጎቴ። ዋጋውን ለሥጋው ብቻ ያካፍሉ፤ አጥንቱን ለሾርባ ለብቻው በርካሽ ይተምኑ፤ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይስቀሉ። ድኻው በአቅሙ ይገዛል፣ ደንበኛ አይጨቃጨቅም፣ አንቱም ዘመድዎን አይጠረጥሩም።»

«እሺ ልጄ፣ እንዳልሽው» አለ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም።

ጁምዓ ማለዳ፣ ለሀሊሜ እንኳ ሳይናገር፣ ከሱብሒ ሶላት በቀጥታ ወደ ሙሀመድሰይድ ቤት ሄደ። ሙሀመድሰይድ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል።

«ልማልልህ ተዘጋጅቻለሁ» አለው፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

«አትምልም ወንድሜ። የበደልኩህ እኔ ነኝ፤ ለአላህ ብለህ ዐውፍ በለኝ።»

ሙሀመድሰይድ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «እኔስ ዐውፍ ብዬሃለሁ» አለው። «ሀሊሜ ግን አንተ ለሶላት ስትወጣ ጓዟን ጠቅልላ መጥታለች፤ ከጓዳ ናት። እሷን ራስህ ለምናት።»

ሸረፈዲን ጫማውን አውልቆ ወደ ጓዳው ገባ። አያችሁ ወገኖቼ፣ ቀድሞ ያልመዘነ ኋላ ይለምናል።