የእሁዱ ፍሬን

(ሽሮ ሜዳ፣ የወይዘሮ ዘውድነሽ ጋራዥ፣ ዓርብ ከሰዓት። የናሁሰናይ መኪና በክሪክ ተነስታለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት አዲስ የፍሬን ዲስክ አለ፤ አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ባለቀዳዳ።)

ናሁሰናይ፦ እትዬ ዘውድነሽ፣ ሞቼ እገኛለሁ! ባለቀዳዳውን ይግጠሙልኝ!

ዘውድነሽ፦ አልገጥምም አልኩህ እኮ! ወንፊት ነው እንዴ የምሰቅልልህ?

ናሁሰናይ፦ ኧረ እንዴት እንደሚያምር ይዩት! በቸርኬው መሃል ብልጭ ሲል...

ዘውድነሽ፦ ማማሩንማ ያምራል። አንገቴ ላይ ባደርገው ሠርግ እሄድበታለሁ።

ናሁሰናይ፦ የእሽቅድምድም መኪና ሁሉ የሚገጠምለት እኮ ይሄ ነው።

ዘውድነሽ፦ የእነሱ ፍሬን ፍም እስኪመስል ይግላል። አንተን ከዚህ አራት ኪሎ እስክትደርስ እግረኛ ይቀድምሃል። ምንህ ይግላል? ምላስህ ካልሆነ!

ናሁሰናይ፦ ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እሁድ ለትርሲት ሽማግሌ እልካለሁ። ሦስቱንም ሽማግሌዎች አባቷ ቤት የማደርሳቸው በዚችው መኪና ነው።

ዘውድነሽ፦ እልልልል! አንተ ጉደኛ፣ ይሄን ደብቀኸኝ ነው?

ናሁሰናይ፦ እልልታው ይቆይ፣ እትዬ። አጎቴ አልሄድም ብለዋል።

ዘውድነሽ፦ ምን አድርገሃቸው?

ናሁሰናይ፦ ማክሰኞ ከእንጦጦ ይዣቸው ስወርድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው ተንቀጠቀጠ። እሳቸው በሩን ጨምድደው ይዘው «ድረሽልኝ ማርያም!» አሉና መሃል መንገድ ላይ ወርደው በታክሲ ሄዱ። «ለሠርግህ ብዬ የራሴን ተስካር አላስደግስም» አሉኝ። ይሄው ሽማግሌዎቼ ሁለት ሆነው ቀሩ! ይሄን ዲስክ ካዩ ይመለሳሉ ብዬ ነው።

ዘውድነሽ፦ ወይ አንተ! ያንቀጠቀጠህ አሮጌው ዲስክ ተጣሞ ነው። ልሙጡ ልክህ ነው፤ ስፋቱም ውፍረቱም። ባለቀዳዳው ግን ውሎ አድሮ ከቀዳዳው ዳር ይሰነጠቃል። ለመሆኑ አባትየው ማን ናቸው?

ናሁሰናይ፦ አቶ ደርበው። የድሮ የተሳቢ ሹፌር፣ ቤታቸው እዚሁ ከፍ ብሎ ነው።

ዘውድነሽ፦ ደርበው?! በስመአብ! ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሬኑን ከእኔ በቀር ለማንም አስነክቶ አያውቅም! እንግዳ ሲመጣበት እኮ ሰላም ከማለቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማ ነው የሚያየው። ይሄን ወንፊት ካየ «ልጄን ለጌጠኛ አልሰጥም» ብሎ በሩን ይዘጋባችኋል።

ናሁሰናይ፦ ወይኔ! ልሙጡን! ልሙጡን ይግጠሙልኝ!

ዘውድነሽ፦ አሁን ሰው ሆንክ። አዲስ የፍሬን ሸራ አብሮ ይገባል። ነገ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያልክ፣ ፍሬን እየያዝክ እየለቀቅክ ታለማምደዋለህ።

ናሁሰናይ፦ ሦስተኛ ሽማግሌ ግን በሁለት ቀን ከየት ላምጣ? ... እትዬ?

ዘውድነሽ፦ ምነው እንዲህ ታየኛለህ?

ናሁሰናይ፦ እርስዎ ቢሄዱልኝስ?

ዘውድነሽ፦ እኔ? ሴት ሽማግሌ?

ናሁሰናይ፦ ሃያ ዓመት ነፍሳቸውን በእርስዎ እጅ የሰጡ ሰው፣ እርስዎ ዋስ ሆነውልኝ እንዴት እምቢ ይላሉ? እግርዎ ላይ ልውደቅ?

ዘውድነሽ፦ ተነስ፣ ግራሶ ላይ ነህ! ... እሺ። ነጠላዬን አሳጥባለሁ። ግን በአንድ ነገር።

ናሁሰናይ፦ የፈለጉትን!

ዘውድነሽ፦ ሚስት የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ሹፌር ሆኖ አይመጣም። እሁድ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ቁልፉን ወዲህ በል!