ሐጂ የዳኙት ቼዝ

ኮምቦልቻ ላይ የወጣቶች ቼዝ ውድድር ሳዘጋጅ ዋና ዳኛውም እኔው ነበርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ልጅ ፈረሷን ነካ አድርጋ ተወችው። ተጋጣሚዋ የደሴ ልጅ፣ “የነካሽውን ታንቀሳቅሻለሽ” ብሎ ድርቅ አለ። ደንቡ ከእሱ ጋር ነው፤ ፈረሱ ከተነሳ ግን ንግሥቷን ታስበላለች። እሷም “እጅጌዬ ነው የነካው” ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰዓቱን አቁሜ የደንቡን መጽሐፍ ላመጣ ሄድኩ።

ስመለስ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከቢስቲማ የመጡ አንድ ሐጂ የተመልካቹን ገመድ አልፈው በሁለቱ መካከል ተቀምጠዋል።

“አልሐምዱሊላህ፣ ታርቀዋል” አሉኝ። “ፈረሱ ባለበት ይቆማል። ለካሳው አንድ ወታደር ሰጥታዋለች።”

ሰሌዳውን ባየው እውነትም አንድ ወታደር የለም።

“ሐጂ፣ ቼዝ እኮ በሽምግልና አይዳኝም።”

“እነሱ ከወደዱ አንተ ምን ቤት ነህ?”

ልጁን አየሁት። “ወድጃለሁ” አለ አንገቱን ደፍቶ።

እኔ ግን ወይ ፍንክች። ወታደሩን ቦታው መለስኩ፣ ፈረሱን አስነሳሁ፣ ንግሥቲቱ ተበላች፣ ልጅቷም ተሸነፈች። ሐጂ ከንፈራቸውን መጠጡ።

በሦስተኛው ዙር ሌላ ሰሌዳ ላይ የተጨቃጨቁ ሁለት ልጆች እጃቸውን አወጡ። መጽሐፌን ይዤ ሮጥኩ። አንደኛው ደንገጥ ብሎ፣

“አይ ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም” አለኝ። “ሐጂን ነው።”