በእሑድ የተነሣው ፊልም

በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎረቤላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ጉም ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሾፌሩ «ገደሉና መንገዱ ካልተለዩልኝ አልነዳም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

እኔ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ስሆን የታመመች እኅቴን ልጠይቅ ነበር የምሄደው። ከጎኔ መምሬ ወልደተንሣኤ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ከአንኮበር በታች ባለችው በአፋፍ መንደር ያገለግላሉ። የሁዳዴ ጾም አድክሟቸው ፊታቸው ከስቷል። ከፊታችን ያለችው ወጣት ጭኗ ላይ ሣጥን አቅፋ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነበር። ዞር ስትል ቄሱ አወቋት፤ ለተጊዮርጊስ፣ የአፋፍ ክሊኒክ ጤና ረዳት።

«እንደምን ዋሉ መምሬ?» አለች አንገቷን ዝቅ አድርጋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። መስቀላቸውን ግን አላወጡላትም።

ወደ ሣጥኑ አመለከተችና፣ «ባይደክመኝ ኖሮ እዚህ ሰው መሐል አልጠይቅዎትም ነበር። በዚህ ሣጥን በረዶ ላይ የተቀመጠው የኩፍኝ ክትባት ነው። ባለፈው ወር ሳመጣ ሰባት ልጆች ብቻ መጡልኝ፤ የቀረው ተበላሽቶ ተጣለ። እናቶቹ ‹መምሬ ከልክለውናል› ይላሉ። እውነት ነው?» አለቻቸው።

«እውነት ነው፤ በዓውደ ምሕረት ተናግሬአለሁ። የመንግሥት የሲኒማ መኪና ገበያ መሐል ቆሞ ስለ ክሊኒኩ የተነሣውን ፊልም አሳየን። የክሊኒኩ በር ተቆልፏል። አንቺም ብቅ ብለሽ ‹መድኃኒት የለም› ስትዪ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰው ቢነግረኝ እጠራጠር ነበር፤ በዓይኔ ያየሁትን ግን እንዴት ልካድ?»

ያ ፊልም በዚያ ሰሞን አገሩን ሁሉ ያከራከረ ነበር። እኔም ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ አይቼው፣ «እንዲህ ያለችውን ማባረር ነው» ብዬ ከባልደረቦቼ ጋር ስቄአለሁ። አሁን ሴትዮዋ ፊቴ ተቀምጣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«ያዩት ሐሰት ነው አልልም፤ ጎዶሎ ነው» አለች። «የፊልሙ ሰዎች አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የጠየቁኝ። ‹መድኃኒት የለም፤ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄአለሁ፤ ክትባት ግን አለና ልጆቻችሁን አምጡ› ነበር ያልኩት። የመጀመሪያውን ይዘው የቀረውን ቆረጡት።»

«በሩስ? እሱም ተቆርጦ ነው?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ይቅርታ መምሬ፣ ፊልሙን ያነሡት ሰዎች የመጡ ዕለት እርስዎ መንደሩ ውስጥ ነበሩ?»

«አልነበርኩም ወይ! መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ከቅዳሴ ስወጣ መኪናቸው ቅጥሩ በር ላይ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ዘጉ። ጺማቸውን ዳበሱ። «እሑድ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

«እሑድ ነበር፤ ክሊኒኩ የሚዘጋበት ቀን» አለች እሷም። ደስ ያላት አትመስልም። «የመንደራችን ሰው ገብረ ሕይወት በፊልሙ የተናገረው ግን እውነት ነው። መጥረቢያ እግሩን ቆርጦት ማክሰኞ መጥቶ አጥቶኛል። ክትባት ላመጣ ሄጄ፣ በሩ ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልለጠፍኩም። ጥፋቴ ነው፤ እሱን ከፊልሙ አውጡልኝ አልልም። የሕዝብ ሐኪም ቤት ጉድለት መታየቱ ደግ ነው። የእኔ ቃል ቢጨመርበት ግን ምን ይጎዳ ነበር?»

«ታዲያ ለፊልሙ ሰዎች ለምን አልጻፍሽላቸውም?» አሉ መምሬ።

«ለማን ልጻፍ አባ? ፊልሙም የመንግሥት፣ እኔም የመንግሥት።»

ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሦስታችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

«መምሬ፣» አልኩ፣ «ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው እርስዎ ዘንድ ቢመጡ አንዱን ብቻ ሰምተው ይፈርዳሉ?»

«እንዴት ተደርጎ! ሌላው ካልቀረበ ነገሩን አልጀምረውም።»

«ካሜራም እንደ ሰው ነው፤ ፊቱን ያዞረበትን ብቻ ያያል። ዜና የሚያወራ ሰው የተወቀሰውንም ሊያሰማን ይገባዋል። ባያሰማን ደግሞ እኛ ‹ሌላውስ ምን አለ?› ማለት አለብን። እኔም እሷን ሳልሰማ ፈርጄባታለሁ።»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። «የይርጋለምን ልጅ የቀበርኳት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ኩፍኝ ነው የገደላት» አሉ። «እናቷ ይርጋለም ልታስከትባት አዝላት ወጥታ ነበር። ከመንገድ የመለስኳት እኔ ነኝ።»

ለተጊዮርጊስ ነገሩን ታውቀው ኖሯል፤ ሣጥኑን አየች።

«በረዶው እስከ መቼ ይቆያል?» አሏት።

«እስከ ማታ ክሊኒኩ ካልደረስኩ አበቃ።»

መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ሾፌሩን፣ «ይህን መንገድ ሠላሳ ዓመት በእግሬ ሄጄበታለሁ። ከፊት ከፊት እሄድልሃለሁ፤ ነጠላዬን እያየህ ተከተል» አሉት። ሾፌሩ ሊከራከር ሞከረ፤ እሳቸው ግን ወርደው ነበር። አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ፣ ከእኚያ ሽማግሌ ኋላ እንደ ቀብር አጃቢ ቀስ ብሎ ተጓዘ። የመንገዱን ጠርዝ በመቋሚያቸው እየመቱ፣ አንዳንዴም ለመተንፈስ እየቆሙ ጎረቤላ አደረሱን፤ ሣጥኑም ሳይመሽ ክሊኒኩ ደረሰ።

በማግስቱ የማርያም በዓል ስለ ነበር፣ እኅቴን ጠይቄ አፋፍ ወረድኩ። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ እዚያው በከለከሉበት ቦታ ቆመው፣ «ጎዶሎ አይቼ ጎዶሎ ነገርኋችሁ። ይህቺን ልጅ ሳልጠይቃት ፈረድኩባት። ልጆቻችሁን ወደ ክሊኒኩ ውሰዱ፤ የእኔም የልጅ ልጅ ይሄዳል» አሉ። በዚያ ቀን ስልሳ አንድ ልጆች ተከተቡ። በክረምቱ ኩፍኝ አጎራባቹን መንደር ሲያጠቃ ከነዚህ አንዱም አልሞተም። ለተጊዮርጊስም መንገድ ስትወጣ የምትመለስበትን ቀን በሩ ላይ መለጠፍ ጀመረች። ለፊልሙ ባለቤቶች በመምሬና በገብረ ሕይወት ፊርማ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ቢሆንም አንድ መንደር የሰማውን መጠየቅ ሲለምድ፣ መልስ ባይመጣም ልጆቹን ያተርፋል።

በዚያን የክትባት ዕለት ከሰልፉ መጨረሻ ይርጋለም ቆማ ነበር፤ የቀረላትን ወንድ ልጅ አዝላ። መምሬ ሰው እያየ ወደ እሷ ሄደው ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት።

አላለቀሰችም። ልጁን ከጀርባዋ አወረደች።

«አንድ ቀን ይቅር እልዎት ይሆናል አባ» አለች። «ዛሬ ግን መርፌውን ይፈራልና ይያዙልኝ።»

መምሬ ልጁን ተቀበሏት።