ክንፍ ሲተኩስ የከረመ ካውያ

ግቢ ግቢ፣ ክፍት ነው። እንዴት ዋልሽ ጎረቤቴ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሹንስ ጉንፋኑ ለቀቀው? እሰይ፣ ተመስገን። ሙቀቱ እንዴት አደረጋችሁ? እኛማ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነው የምንውለው። ለሙጫው ሽታም ይበጃል።

ካውያ? ውይ፣ ለካውያ ነው እንዲህ የተሳቀቅሽው? አለ እንጂ፣ ለምን አይኖርም። ብቻ ስታዪው እንዳትደነግጪ፤ የኛ ካውያ ሥራ ቀይሯል። ሸሚዝ መተኮስ ከተወ ሰነበተ፣ አሁን የሚተኩሰው ክንፍ ነው። ሥሩን እዪው እስቲ… ይቺ ቀይ የተጣበቀችው የፕላስቲክ ሽፋን ናት። እንጨቱ ላይ ትለብስና በካውያ ሲሄዱባት ትሰበሰባለች፣ ጥብቅ ትላለች። እንዲህ ሆኖ ነጭ ልብስ ቢነካብሽ ጉድ ነው የሚፈላው። እስክፍቅልሽ ተቀመጪ። እዚያ አይደለም፣ እዚህ ከጓዳው በር አጠገብ። አትዝጊው፣ ገርበብ ይበል፤ ውስጥ አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀት እንጨት እያሹ ነው፣ አየር ይግባላቸው።

እኔ መቼም የሰው ስም አላነሳም፣ ታውቂኛለሽ። ሐሜት የሚባል ነገር ሲያልፍም አይነካኝ። ግን አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ እሳቸውን ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ማመስገን ደግሞ በር ተከፍቶ ነው።

እኚህ ሰው መኪና መንዳት ያስተምራሉ። በዚህ ከተማ መንጃ ፈቃድ የያዘው ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው… በእጃቸው አልኩ? በእግራቸው ማለቴ ነው። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለው፣ አይተሽ የለ? ተማሪው ይነዳል፣ እሳቸው ይይዛሉ። ከመልመዳቸው የተነሳ አውቶቡስ ተሳፍረው እንኳ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ሚስታቸው ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆመው ይረግጣሉ አሉ። አልጋ ላይስ?… ተይው፣ የሰው ጓዳ ነው፣ እኔ በምን አውቄ!

ለተማሪ ሁሉ የሚናገሯት አንዲት ምክር አለቻቸው። «መሪ ከመጠምዘዝሽ በፊት ሞተሩ መነሳቱን እዪ» ይላሉ። ምን ያስቅሻል? ትልቅ ምክር እኮ ነው። ሳቅሽን አስቀምጪው፣ ኋላ ትፈልጊዋለሽ።

እና እኚህ ሰው ዝናቡ ከገባ ጀምሮ አውሮፕላን ሲሠሩ ከረሙ። አዎ፣ አውሮፕላን! ሰው የሚጫንባት አይደለችም፤ ክንፏ ከዚህ ወንበር እስከዚያ መስኮት ነው፣ ክብደቷ ግን የዳቦ ያህል። ሞተር የላትም። በእጅ ትወረወራለች፣ ከዚያ ፀሐይ ያሞቀው አየር ከመሬት ሲነሳ እሱን ፈልጋ ትቀመጥበትና እየዞረች ትወጣለች። ባለቤቷ ታች ቆሞ በሪሞት ያዛታል። ሆዷ ሥር ትንሽዬ ማብሪያ አለቻት፤ እሷ ካልበራች ሪሞቱ ቢጮህም አውሮፕላኗ አትሰማም። ይቺን ማብሪያ ያዢልኝ።

የምግብ ጠረጴዛውማ ተወረሰ። እኛ… እነሱ ማለቴ ነው… ጭናቸው ላይ ነበር ሳህን አስቀምጠው የሚበሉት። ግን በሥራቸው አላማቸውም። እያንዳንዷን አጥንቷን ሲያሹ፣ በሁለት ጣት አንስተው ሲመዝኑ፣ አንድ ዓይን ጨፍነው ሲያቃኑ ብታዪ፣ ለሚስታቸው ጸጉር ያን ያህል ቢጠነቀቁ ኖሮ የት በደረሰች! እና ተሠርታ አለቀች። ትብረር ሲባል ግን «ገና ናት» አሉ። ጅራቷን አይተው «ገና ናት»፤ አፍንጫዋን ዳብሰው «ገና ናት»። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ ሰዎች። እዚያ ቤት ግን እንቁላሉ ልሂድ ብሎ ብድግ ሲል «ቆይ ጫማህን ልሰርልህ» የሚለው ሰው አለ። ጫማው ከታሰረ በኋላ ደግሞ «ካልሲህስ?» ይለዋል።

ሴት ልጅም አለቻቸው፣ አንድ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እዚያ ቤት እናትየው ለጥ ብላ ነው የምትተኛው፤ የሚገላበጠው ባለ አንዱ ነው። ልጅቷ ተምራ የውሃ ምርመራ ሙያ ያዘች። አሁን ደግሞ ባሕሩ አጠገብ ካለችው ከተማ ላቦራቶሪ ደውለው ነይ አሏት። እስከ ነገ መልስ መስጠት አለባት፤ ካልሰጠች ለሌላ ሰው ነው። አባትየው ከለከሉ ብለሽ እንዳታስቢ፣ ኧረ ስማቸውን አላጠፋም! «ገና ናት» ነው ያሉት። መንገዱን ልየው፣ የምትከራይበትን ሰፈር ልየው፣ አለቃዋን ላናግራት፣ የት እንዳለች የሚያሳየኝን ነገር ስልኳ ላይ ላስገባ… ምን ክፋት አለው? ፍቅር እኮ ነው። እንዲህ ያለ አባት ስንቱ አጥቶ ይኖራል! ልጅቷም «አባዬ ሂጂ ካላለኝ እግሬ አይነሳም» ብላ ቁጭ ብላለች። መታዘዝ የለመደ እግር ደግሞ ታውቂዋለሽ… ፍሬኑ ሌላ ሰው ጋ ነው።

ቆዪ ይቺ አልለቅ አለች፣ ቢላውን አቀብዪኝ። እ… የት ደርሼ ነበር?

ያለፈው እሁድ፣ አዎ። ሰማዩ ጥርት፣ ፀሐዩ ከረር ሲል እንግዲህ የበረራው ቀን ዛሬ ነው ተባለና ኳስ ሜዳ ወረድን። ጸጉር አስተካካያቸው መጣ፣ ጡረታ የወጣው አናጺ መጣ፣ እኔም… በዚያ ሳልፍ ቆሜ አየሁ። የምትወረውረው ልጅቷ ናት፣ ክንዷ ብርቱ ነው። እሳቸው ሪሞቱን በማንገቻ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ስለ ሞቃት አየር ባሕርይ ትንሽ… ብዙም አይደለም፣ አናጺው አንዴ ቁጭ ብሎ እስኪነሳ ድረስ… አስረዱን። ከዚያ «በይ!» አሏት።

ወረወረቻት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ድምፅ የላት፣ ምን የላት፣ ዝም ብላ ሄደች። «አሁን ወደ ግራ እየወሰድኳት ነው» አሉ። ወደ ቀኝ ዞረች። «አያችሁ፣ መጀመሪያ ቀኙን አሳይቼ ነው» አሉ። ከሜዳው ጫፍ አንድ ጭልፊት እየዞረ ነበር፤ ቀጥ ብላ ወደሱ ሄዳ አብራው ትዞር ጀመር። እየዞሩ ወጡ፣ ወጡ፣ አንገታችን ተሰበረ። «በቃ ላወርዳት ነው» አሉ። ባሰባት፣ ጭራሽ ወጣች። «ጥቂት ትጫወት ብዬ ተውኳት» አሉ። አቤት ሆደ ሰፊነት! ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ ጣቶቻቸው ሪሞቱ ላይ እየተራወጡ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ግን አላቃታቸውም፤ እሷ ያደረገችውን ሁሉ አስቀድመው አስበውት ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አለቀስኩ። ያቺ ቀይ ክንፍ እዚያ ላይ ፀሐይ አርፎባት ሳያት፣ ያ ሁሉ ሙጫና ብናኝ፣ ያ በጭን የተበላ እራት ሁሉ ከሆዴ ወጣ። በኋላ ዝቅ ዝቅ አለችና የሜዳው ማዶ ሣር ላይ እንደ ድመት ጋደም አለች። ጭብጨባው ቀለጠ! እሳቸው እጃቸውን አንስተው አገላብጠው አዩት። «እጅ ነው ዋናው» አሉ። ጸጉር አስተካካዩ «እጅ ነው እንጂ!» አለ። ደንበኛ ነዋ።

ልጅቷ ልታመጣት ሮጠች። ብድግ አድርጋ ገልብጣ ሆዷን ስታይ፣ ያቺ ማብሪያ… አለሽ አይደል?… ያዢልኝ ያልኩሽ…

አልበራችም። ከመጀመሪያውም አልበራችም ነበር! ያ ሁሉ ግራ፣ ያ ሁሉ ቀኝ፣ ያ ሁሉ ላብ፣ እሷ እዚያ ላይ አንዲት ቃል አልሰማችም። አሁን ሳቂ፣ ሳቅሽን አውጪው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። ከመጠምዘዝ ማብራት ይቅደም ማለታቸው ሳይሆን አይቀርም።

ምነው የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ጠፋ?… ደክሟቸው ይሆናል። ይረፉ፣ ይረፉ።

ልጅቷስ ምን አደረገች ትዪኛለሽ? ጨዋ ናት፣ እናቷን ነው የወጣችው። ቀስ ብላ ማብሪያዋን አበራችና ይዛት መጣች፤ አንዲት ነገር አልተነፈሰችም። ሁለተኛ ተወረወረች። እሳቸው ደግሞ ያን ያህል ጠምዝዘው እንዲያ ካማረች ትንሽ ቢጨምሩስ? ጨመሩ። አሁን ግን ትሰማለቻ! ግራ ሲሏት ግራ፣ ቀኝ ሲሏት ቀኝ፣ ታች ሲሏት ታች። እንደዚያ ቃል የምታከብር አውሮፕላን አይቼ አላውቅም። ስትታዘዝ፣ ስትታዘዝ… ጎሉ ሥር አፍንጫዋን ተከለች። እኔ እሷን አላየሁም፣ ያየሁት የሰውየውን እግር ነው። ሣሩን እየረገጠ፣ እየረገጠ፣ ሁለተኛውን ፍሬን ይፈልግ ነበር።

«ነፋስ ነው» አሉ። ቅጠል የማይነቀንቅ ነፋስ አለ አሉ፣ ለሚያውቅበት።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን በረራ ከአፋቸው ያልሰማ የለም። ዳቦ ቤቱ ሰምቷል፣ የሚያስተምሯቸው ልጆች መሪ እንደያዙ ሰምተዋል። ልጅቷ ቤት ስትገባ ለእናቷ ሹክ አለቻትና «በሞቴ እንዳትነግሪው፣ ደስታውን እንዳትነኪበት» ብላ አስማለቻት። እናትየው ቃሏን ጠብቃለች። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ደግሞ ካፍሽ አይወጣም። ይህ በር ብቻ ነው ትንሽ ገርበብ ያለው።

ግን ልንገርሽ? እኔ ብሆን በዚያ አላፍርበትም ነበር። ማንም ሳይዛት እንዲያ የበረረችው ከሰማይ ወርዳ ነው እንዴ? ዝናቡን ሙሉ አንድ ዓይን ጨፍነው ያቃኗት ሰው ናቸው ያበረሯት። ሥራቸው እዚያው ጠረጴዛው ላይ አልቆ ነበር፤ ደግሞም አምሮ ነበር ያለቀው። ልባቸው የሚያብጠው ግን በጠመዘዙት ነው… ባቃኑት አይደለም። ይሄ ነው ሆዴን የሚበላኝ። በደንብ የሠራ ሰው እንዴት የገዛ እጁን አያምንም? ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያቃኗት ሌላ አንዲት ደግሞ በዚያኛው ክፍል ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። አፍንጫዋ ምን ሆነ? ጅራቷ ምን ጎደለው? እኔ ምን አውቃለሁ፣ ውሃ ስታፈላ እንኳ የውሃውን ጠባይ የምትነግረኝ ልጅ ናት… ትነግራቸዋለች ማለቴ ነው፣ እናቷን።

እንኪ፣ ጸዳልሽ። መጀመሪያ አሮጌ ጨርቅ ላይ ሞክሪው። ለመመለስ አትቸኩዪ፤ አፍንጫዋ ተጠግኖ እስኪለብስ ጊዜ አለ… አስቸኳዩ ሌላ ነው። ይሄ ምንድን ነው የተንቋቋው፣ ወንበር ነው? ሊነሱ ነው መሰለኝ። ወደዚህ ይሁን ወደ ልጅቷ ክፍል እንጃ፣ ዝም በይ እስቲ… አልታወቀም። ቆመው ይሆናል።

በይ ደህና ዋይ ጎረቤቴ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ክንፋቸውን ያጠንክርልሽ። ለእኚያ ለማውቃቸው ሰውም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የእጃቸውን ሥራ ይባርክላቸው። ልጃቸው ስትነሳ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ በረራ ቀጥ ብላ ትውጣላቸው። እሳቸውም ሪሞታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ቀና ብለው እያዩ «እኔ ነኝ ያበረርኳት» ሲሉ ለመኖር ያብቃቸው። አሜን በይ እንጂ! ማብሪያዋን ብቻ… እንደዚያን ቀን ፈጣሪ ያስረሳቸው።