ሳፋው ላይ የተገኘ አማች

አያ ክንዱ ከቡሬ ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጉዳያቸው ሳያስቡት ቶሎ ቢያልቅላቸው፣ «እግረ መንገዴን የልጅ ልጄን ዓይን ልይ» ብለው ትልቅ የዳይፐር እሽግ ገዙና በባጃጅ ወደ ልጃቸው ወደ ያምሮት ቤት አቀኑ። ሳይነግሩ ሰው ቤት የሚሄድ ያላሰበውን ያያል። እሳቸውም በሩን ገፋ ሲያደርጉ ያዩት አማቻቸውን መምህር ምስክርን ነው፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ የሕፃኗን የሕሊናን የሽንት ጨርቅ ያሻል።

ምስክር አማቱን ሲያይ ብድግ አለ። እጅ ሊነሳ ጎንበስ ቢል፣ የያዘው ጨርቅ የአያ ክንዱን ጫማ አረጠበው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ! ይግቡ፣ ይግቡ!»

«ቆይ፣ አልገባም። ልጄ የት አለች?»

«ሥራ ላይ ናት፤ አሁን ትመጣለች። ሕሊናም ተኝታለች።»

«እና አንተ፣ ወንዱ ልጅ፣ ይህን ታጥባለህ?»

«ጠዋት እሷ ታጥባለች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ እኔ። ሁለታችንም ወልደናታል አባቴ።»

አያ ክንዱ ይህን ትተው ወደ ሌላው በደል ዞሩ።

«እጥበቱስ ይቅር። ያምሮት የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እንደ ወጉ እኔ ቤት ነው። አራስ ሳለች ሕፃኗን አንድ ቀን ጨርቅ አላስነካኋትም! በዳይፐር ነው ያኖርኋት፤ አገሩ ሁሉ አውርቶልኛል። አንተ ተማርሁ ባዩ እኔ በልጅነቴ ወደታጠቅሁት ጨርቅ ትመልሳታለህ? እንዲህ ከሆነማ ልጄንም የልጅ ልጄንም ይዤ ዛሬውኑ ቡሬ እገባለሁ።»

ዛቻው ቀልድ አልነበረም። አያ ክንዱ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ ምስክርም ይህን ስለሚያውቅ ክፉኛ ደነገጠ። ይሁን እንጂ የኬሚስትሪ መምህር ነውና፣ ሲደነግጥ ማስረዳት ይጀምራል።

«ቁጣዎ ከፍቅር ነው አባቴ። ነገር ግን የሕሊና መቀመጫ ቆስሎ ነበር። ዳይፐሩ ቶሎ እንዳያልቅ እያልን ሳንቀይርላት እናውላት ነበር፤ እርጥበቱና ሙቀቱ ቆዳዋን ላጠው። እሷ ስታለቅስ እኛም አብረናት ስናለቅስ ሰነበትን። ጨርቅ ግን ሲረጥብ ወዲያው ያስታውቃል፤ ወዲያው እንቀይርላታለን።»

«በጨርቅ ያደገ አይቆስልም ነው የምትለኝ?»

«ይቆስላል እንጂ! ሳይታጠብ ደርቆ ከተመለሰላት ይቆስላል። እኛ በሳሙና እናጥበዋለን፣ በፈላ ውሃ እንዘፈዝፈዋለን፣ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን።»

«ይህ ሁሉ ልፋት! ዳይፐር እኮ ተጠቅመህ መጣል ነው።»

«የት ነው የሚጣለው አባቴ?»

«የትም!»

«የትም የምንለው የሰው ደጅ ነው። ደግሞ ፕላስቲክ አለበት፤ እንደ ቅጠል አይበሰብስም። ውስጡ ያለውንም ላሳይዎት።»

ምስክር ከእሽጉ አንዱን አውጥቶ ቀደደ። ከውስጡ የተራገፈውን ነጭ ነገር ጣሳ ውስጥ አድርጎ ውሃ አፈሰሰበት። አበጠ፣ አበጠ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሚዝለገለግ ነገር ሆኖ ጣሳውን ሞላው።

አያ ክንዱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይህን ነገር አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«የት ያውቁታል?»

«በቆሎዬ ውስጥ። በሐምሌ።»

እንዳወጉት፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ያምሮት አራስ ሳለች ዳይፐሩ ሁሉ የሚጣለው ጓሮ ካለው ፍግ ላይ ነው። ፍጉ በግንቦት ወደ ማሳ ተጋዘ፣ ማረሻ ቦጫጨቀው፣ ክረምት ዘነበበት። አንድ ቀን ጠዋት አያ ክንዱ ማሳ ቢወርዱ ከበቆሎው ሥር በረዶ ፈልቶ አገኙ። ፀሐይ ወጣ፤ በረዶው አልቀለጠም። «መዓት መጣ!» ብለው ጮሁ። መንደሩ ተሰበሰበ። መሪጌታ ውዳሴ ጠበል ቢረጩበት፣ ጠበሉ በነካው ቁጥር ይብሱን አበጠ። ሕዝቡ እግዚኦ አለ፤ ምህላም ተያዘ።

አማት ፊት መሳቅ ነውር ነውና ምስክር ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሳፋው አቀረቀረ። ትከሻው ግን አልታዘዘለትም።

«ሳቅ፣ ሳቅ!» አሉ አያ ክንዱ፤ እሳቸውንም ሳቅ አሸነፋቸው። «ለካ የልጅ ልጄን ሽንት ኖሯል በጠበል ያስረጨሁት!»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ከጠረጉ በኋላ እጃቸውን ዘረጉ።

«በል ያን ጫፍ ያዝ። አንተ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ። ለብቻ ሲጨምቁት ውሃው አይወጣም።»

ያምሮት ስትመለስ አባቷና ባሏ አንድ የሽንት ጨርቅ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጠመዝዙ አገኘቻቸው። አፏን ሳትከፍት አባቷ ቀደሟት።

«ምን ያስደንቅሻል? ቶሎ ቶሎ የተቀየረ፣ በደንብ የታጠበ ጨርቅ ቆዳዋን አያቆስልም። ታጥቦ ለሚመጣውም ልጅ ይተርፋል። ማሳም አያስደነግጥም። እሽጉን ለመንገድ ለመንገድ አስቀምጡት፤ ስትጥሉትም ፍግ ላይ እንዳይሆን!»

ይህን ሁሉ የሚነግሯት እሳቸው ራሳቸው እንዳገኙት ዕውቀት ነበር። ምስክርም አላረማቸውም፤ ሚስቱና ልጁ ቀርተውለታል።

«አባባ፣ እማማ እርስዎን እንዲህ ቢያዩ!» አለች ያምሮት እየሳቀች።

«ጨርቅ ጨመቀ ብለሽ ንገሪያት፤ ግድ የለኝም» አሉ አያ ክንዱ። «የማሳው በረዶ ዳይፐር መሆኑን ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት! ምህላው እስኪያልቅ ውሃ ሳትቀምስ እየዋለች ስትሰግድ ነው የሰነበተችው።»